የቲቮሊ ትኬት

ከኮፐንሃገን ከተመለስሁ ወዲህ ስለ ስብሰባው በማኅበራችን ፊት ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሪፖርቴም ባለፈው የመጽሔታችን ቍጥር ታትሞ ወጥቷል። በንግግሩም ሆነ በሪፖርቱ ውስጥ ውሸት የለበትም። ነገር ግን የሁለተኛውን ቀን ውሎ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ካለ፥ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ስለ ሆነው ነገር አንዲት መስመር እንኳ አለመጻፌን ሳያስተውል አይቀርም። ይህን የምጽፈው ያን ክፍት ቦታ ለመሙላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ ስለ ተማሪዎች መጽሔቶች የሚመክር የሦስት ቀን ስብሰባ ተጠርቶ ማኅበራችን እኔን ወኪል አድርጎ ላከኝ። የአውሮፕላኑንና የመኝታውን ወጪ ጠሪዎቹ ሲችሉ የኪስ ገንዘቡ ግን በእኛ መዋጮ የሚሸፈን ነበር። እንደምታስታውሱት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና፥ በሰኔ ያዋጣነው ገንዘብ በነሐሴ ሲመነዘር እጅግ አንሶ ተገኘ። ሁለተኛ መዋጮ አስፈለገ። የሻይውን ገንዘብ የሰጠው ማን እንደ ሆነ፥ የፎቶ ኮፒውን የሰጠችው ማን እንደ ሆነች ዝርዝሩን አይቼዋለሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በባዕድ አገር አንድ ቡና በጠጣሁ ቍጥር የአንዳችሁ ስም ፊቴ ይደቀን ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን፥ በዕለተ ቡሄ፥ ተሰብሳቢዎቹ በየተራ ራሳችንን ስናስተዋውቅ አንዲት የኖርዌይ መምህርት ተነሥታ፥ ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን ይዛ ሦስት ቀን ቀደም ብላ እንደ መጣች፥ እስካሁንም ቲቮሊ ከሚባለው የመዝናኛ ስፍራ እንዳልወጡ፥ ልጆቹም እናታቸው ሥራዋን ትታ እንድትመለስ እየጠበቁ እንደ ሆነ ተናገረች። ሁሉም ሳቀ፤ አጨበጨበም። እኔም አጨበጨብሁ። ግን እኔ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቼ «የላካችሁኝን ሥራ ከሽርሽር ጋር አዳብዬዋለሁ» ብል ምን ይከተል እንደ ነበር ሳስብ እጄ ከማጨብጨብ ቶሎ ቆመ። ለእርስዋ ሁለቱን ማዳበል ሻንጣ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሸሚዝ እንደ መክተት ያለ ነገር ነው። ለእኛ ግን ደስታ ራሱ የሕዝብ ገንዘብ ማጉደል ይመስለናል። ይህ ከድህነት ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ከአስተዳደጋችንም ነው። «ለሥራ ሄደ» የተባለ ሰው ፊቱን አኮማትሮ ካልተመለሰ ሥራውን የሠራ አይመስልም።

ቲቮሊ ከስብሰባው አዳራሽ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። ከዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፥ ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ አጠገብ፥ በከተማይቱ መካከል ይገኛል። ማታ ወደ መኝታዬ ሳልፍ ከአጥሩ ወዲያ የሰዎች ጩኸት ከዛፎቹ በላይ ከፍ ብሎ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣኝ ስለ ቦታው ማንበብ ጀመርሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ጌኦርግ ካርስቴንሰን የሚባል፥ ከዴንማርክ ዲፕሎማት አልጀርስ ላይ የተወለደ ሰው፥ ከንጉሥ ክርስቲያን 8ኛ የአምስት ዓመት ፈቃድ አግኝቶ በነሐሴ 15 ቀን 1843 ከፈተው። ቦታው ያን ጊዜ ከከተማይቱ ምሽግ ውጭ ነበር፤ ዛሬ በአትክልቱ መካከል የሚታየው ሐይቅ ከምሽጉ የውኃ ቦይ የተረፈ ነው። ዋልት ዲስኒም በ1951 መጥቶ ጐብኝቶታል፤ የራሱን ዲስኒላንድ በካሊፎርኒያ የከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ባልጐዳኝ ነበር። እንቅልፌን የወሰደው ሌላ ነገር ነው። ካርስቴንሰን ንጉሡን ያሳመነው፥ ሕዝብ ሲዝናና ስለ ፖለቲካ አያስብም ብሎ ነው እየተባለ ይተረካል። እስኪ አስቡት! የተማሪዎች ማኅበር ወኪል ነኝ፤ የሚያምረኝ ግን ንጉሥ ሕዝቡን ዝም ለማሰኘት የፈቀደው ቦታ ነው።

በማግስቱ ሄድሁ። የእኔ ተራ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ነበር። ቲቮሊ የሚከፈተው በ5 ሰዓት ነው። እስከ 8 እመለሳለሁ ብዬ በቡና ዕረፍቱ ላይ ቦርሳዬን ወንበሬ ላይ ትቼ (ሰው መጸዳጃ ቤት የሄድሁ እንዲመስለው) ውልቅ አልሁ። የመግቢያ ትኬት ገዛሁ። ከውስጥም መጫወቻዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይከፈልባቸዋል፤ ይህን አላወቅሁም ነበርና ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቀረኝ።

ያየሁትን ሁሉ ልዘርዝር አልልም። አበባው ብዙ ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምሳቸውን ይዘው መጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም የሚነሣቸው የለም። በ1874 የተሠራ፥ የቻይና ቤት የሚመስል ቲያትር ቤት አለ፤ መጋረጃው ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ ነው፤ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጣዎሱ ጭራውን ያጥፋል አሉ። እኔ በቀን ስለ ሄድሁ ተዘርግቶ ብቻ አየሁት። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ስለ ቻይና ንጉሠ ነገሥትና ስለ ዘፋኝዋ ወፍ የሚናገረውን ተረቱን መጻፍ የጀመረው ስፍራው በተከፈተበት በ1843፥ እዚያ ከዋለ በኋላ ነው። ተረቱን በልጅነቴ አንብቤዋለሁ፤ በእንዲህ ያለ ጩኸት መካከል የወፍ ድምፅ ያሰበ ሰው ግን ያስደንቃል።

የቀረኝን ገንዘብ የሰጠሁት በ1914 ለተሠራው የእንጨት ሐዲድ ነው። በዚህ ሐዲድ ላይ የሚሄዱት ጋሪዎች ዛሬም ፍሬን የሚይዝላቸው ሠራተኛ አብሮአቸው ይጓዛል። የእኔ ፍሬን ያዥ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። ጋሪው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ገደሉ ሲያዘነብል እኔ ነፍሴን ለፈጣሪዬ አደራ ስሰጥ እሱ ያዛጋ ነበር። በሁለተኛው ቍልቍለት ላይ ጮኽሁ። እውነቱን ልናገርና፥ ከሐምሌ 22 ወዲህ ስለ ገንዘብ ሳላስብ ያለፈችው ደቂቃ ያች ብቻ ናት። ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቴ ግን አልሰበሰብ ብሎ ይስቃል።

በ8 ሰዓት እንደዚሁ እየሳቅሁ ወደ አዳራሹ ገባሁ። አንዲት የጆርጂያ ተማሪ በር ላይ አገኘችኝ። እነርሱም እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው። በቡሄው ምሽት ከእርስዋ ጋር ተመካክረን፥ ለጋራው መድበል የሚላከው ጽሑፍ በየፊደሉ ይውጣ፥ ትርጕሙም በጎኑ ይቀመጥ ብለን ሐሳብ ልናቀርብ ተስማምተን ነበር። እኔ እናገራለሁ፤ እርስዋ ትደግፋለች።

«የት ጠፋህ?» አለችኝ።

ከቀትር በፊት ሊናገር የነበረው ሰው አውሮፕላኑ ስለ ዘገየበት የእኛ ክፍለ ጊዜ ወደ 5 ሰዓት ተኩል ተዛውሮ ኖሯል። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። ቦርሳዬ ወንበሩ ላይ ስለ ነበር ይመጣል ብለው ጥቂት ጠበቁኝ። እርስዋም ጠበቀችኝ፤ ብቻዋን መናገር ፈርታ ዝም አለች። ጽሑፎች ሁሉ በላቲን ፊደል ይቅረቡ የሚለው ሐሳብ ያለ አንድ ተቃዋሚ አለፈ። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛው ቍልቍለት ላይ ነበርሁ። ያ አምስት ደቂቃ ንግግር የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ፤ ሦስታችሁ አብራችሁኝ ጽፋችሁታል፥ ሌሎቻችሁም በመኝታ ክፍላችን ሰዓት ይዛችሁ አለማምዳችሁኛል። በሪፖርቴ ላይ «ውሳኔው በድምፅ ብልጫ አለፈ» ብዬ የጻፍሁት ይህንኑ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋባዦቹ ሁላችንንም በባቡር ወደ ክላምፐንቦርግ፥ ባከን ወደሚባለው ሌላ የመዝናኛ ስፍራ ወሰዱን። በአጋዘን ጫካ ውስጥ ነው፤ ታሪኩ ከ1583 ይጀምራል፤ መግቢያውም በነጻ ነው። በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈ፥ ማንም የማይጠይቀኝ ሽርሽር ነበር። አንድም መጫወቻ ላይ አልወጣሁም። አጠገቤ የተቀመጠውን የዴንማርክ ተማሪ ግን በመንገድ ላይ ስለ ካርስቴንሰን ነገር ጠየቅሁት። ሳቀና የ1944ን ታሪክ ነገረኝ። በዚያ ዓመት በጁን ወር፥ አገራቸው በጀርመኖች እጅ ሳለች፥ ለወራሪው ያደሩ ሰዎች ቲቮሊ ውስጥ ፈንጂ አፈነዱ፤ የሙዚቃ አዳራሹም ተቃጠለ። በዚያው ሰሞን ጀርመኖች ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የሰዓት እላፊ ዐወጁ። ቡርማይስተርና ቫይን በሚባለው የመርከብ መሥሪያ የሚሠሩት ሠራተኞች፥ ማታ መውጣት ከተከለከልን አትክልታችንን የምንኰተኵተው በቀን ነው ብለው ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ነገሩ ወደ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተለወጠ። ጀርመኖች ውኃና መብራት ቢቈርጡም በመጨረሻ እላፊውን ማላላት ግድ ሆነባቸው። ቲቮሊም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ተከፈተ።

እንግዲህ ካርስቴንሰን ተሳስቷል፤ መዝናናት የሚወድ ሕዝብ ስለ ፖለቲካ ያስባል ብዬ ጥቂት ተጽናናሁ። ባቡሩ ሳይቆም ግን መጽናናቱ አለቀ። እነዚያ ሰዎች አብረው፥ በግልጥ፥ የሚሄዱበትን ተናግረው ነው የወጡት። እኔ ቦርሳዬን ምስክር አስመስዬ ብቻዬን ነው የሾለክሁት። ያችን ኖርዌያዊት መምህርት አስታወስኋት። «ጓደኞቼ ሆይ፥ ሁለት ሰዓት ቲቮሊ ልሄድ ነው፤ ተራዬ ቢዛወር ደውሉልኝ» ብል ኖሮ ማን ይከለክለኝ ነበር? የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሮጬ እደርስ ነበር። ስለዚህ ወደፊት ወኪል ስትልኩ ከኪስ ገንዘቡ ላይ አንድ መዝናኛ የሚያይበትን በግልጥ ጻፉለት። ይህ ሐሳብ ከእኔ አፍ ሲወጣ እንደማያምር ዐውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት ትኬቱን ይዤ ወደ ገንዘብ ያዣችን ሄድሁ። ዋጋውን ከመጪው ወር ጀምሬ ልከፍል ደረሰኙን መዝግቢልኝ አልኋት። ትኬቱን ገልብጣ አየችው። ትራንስፖርት፥ ምግብ፥ ጽሕፈት መሣሪያ፥ ልዩ ልዩ፤ በየትኛው ዓምድ እንደምታገባው ጥቂት አሰበች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፦

«መጀመሪያ ንገረኝ፤ ቍልቍለቱ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ።