በዋናው አብራሪ ጎን የሚቀመጥ ሰው

አገራችን ልጅን ስታሳድግ አስቀድማ ከምታስተምረው ነገር አንዱ ዝምታ ነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያደምጣል፤ ታላቅ ሲሳሳት ታናሽ ዐይኑን ወደ መሬት ይጥላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችንም ይህን ጠባይ በሁለት ቃል አጽንቶ ይዞታል። ትምህርቱ ብዙ መልካም ፍሬ አፍርቷል፤ ሽማግሌ እንዲከበር፥ ጠብ እንዲበርድ፥ ቤት በሥርዐት እንዲተዳደር አድርጓል። ነገር ግን ዝምታ ሰው የሚገድልበት ሥፍራ እንዳለ የተረዳሁት ከታናሽ ወንድሜ የአብራሪነት ሥልጠና ነው። የሰማሁትንና ያየሁትን ለአንባቢዎቼ ላካፍል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ወንድሜ እንደ እኔው በአሰላ ከተማ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በመንግሥት ሥራ ተቀጠርሁ፤ እሱ ግን በሒሳብና በፊዚክስ ብርቱ ስለ ነበረ ትምህርቱን ገፍቶ የበረራ ትምህርት ቤት ገባ፤ ተመርቆም በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ተቀጠረ። የተመደበው አየር መንገዱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮች በሚያበረው፥ ኪው 400 በሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ ነው። እናታችን ወሬውን በሰሙ ጊዜ ፈተናው ሁሉ ያለቀ መስሏቸው እልል አሉ። ዋናው ፈተና ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ለአዲስ ተቀጣሪ አብራሪ የሚሰጠው ሥልጠና ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ በክፍል ውስጥ የአውሮፕላኑ አካላት ሁሉ ይጠናሉ፤ የነዳጁ፥ የኤሌክትሪኩና የሞተሩ ወሰን በቃል ይያዛል። ቀጥሎ ሲሙሌተር ወደሚባለው፥ ከምድር ሳይነሣ እንደ አውሮፕላን ወደሚናወጠው መሣሪያ ይገባል፤ በዚያ ሞተር ይጠፋል፥ እሳት ይነሣል፥ ጉም ይወርዳል። በመጨረሻም መንገደኛ በተሳፈረበት አውሮፕላን በአሠልጣኝ ካፒቴን ጎን ተቀምጦ ይበራል። ያለፈውም ቢሆን ዕረፍት የለውም፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት የአየር መንገድ አብራሪ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ችሎታው ይመረመራል።

በእኛ አገር ደግሞ ሥራው ሌላ ችግር ይጨመርበታል። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አሰላም ከዚያ ትበልጣለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን የመሰሉ የአርሲ ሯጮችን ሳንባ ያጠነከረው ስስ አየር ለአውሮፕላን ወዳጅ አይደለም። የክንፉም የሞተሩም ኀይል ይቀንሳል፤ ለመነሣትም የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ይረዝማል። ስለዚህ በመነሣት ላይ ሳለ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ለስሕተት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በዚያች ሰዓት አንደኛው አብራሪ መሪውን ይይዛል፤ ሁለተኛው መለኪያዎቹን ይጠብቃል። ፍጥነት ወይም ከፍታ ከተወሰነው ሲዛነፍ ጠባቂው ወዲያው መናገር ግዴታው ነው።

ወንድሜ የተሰናከለው በዚህ ላይ ነው። አንድ ማታ ስልክ ደውሎ፥ «ወንድም ጋሼ፥ እጄ አላጠፋም፤ አፌ ነው ያጠፋው» አለኝ። በሲሙሌተሩ ውስጥ መሪውን ይዘው የነበሩት በዕድሜም በልምድም እጅግ የሚበልጡት ሰው ነበሩ። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ አየ። «ይህን ያህል ዘመን የበረሩ ሰው እንዴት ሳያዩት ይቀራሉ ብዬ ጠበቅሁ» አለ። የጠበቀው አምስት ሴኮንድ ያህል ነው። አሠልጣኙ መሣሪያውን አቁመው፥ «አይተኸው ነበር?» ሲሉ ጠየቁት። «አዎን» አለ። «ታዲያ ለማን አስቀመጥኸው?» አሉት። ትምህርቱን እንዲደግም ታዘዘ፤ ያው ጉድለት ሁለተኛ ከታየበትም ሥራው ሊቀር እንደሚችል ተነገረው።

አሠልጣኙ የጨከኑ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የዚህን ዝምታ ዋጋ ዓለም በብዙ ደም ከፍሎ ተምሮታል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። አንደኛውን ይመራ የነበረው ሰው በአየር መንገዱ ዘንድ የታወቀ አሠልጣኝ ነበረ፤ ሳይፈቀድለትም ለመነሣት መንደርደር ጀመረ። ከኋላው የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ በርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚህና ይህን ከመሰሉ አደጋዎች በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ጠሪነት የተሰበሰቡ ሊቃውንት በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ሊነጋገሩ እንደሚገባ መረመሩ። የዛሬው ሥልጠና ከዚያ የበቀለ ነው። ሥርዐቱም ግልጽ ነው፤ ረዳቱ መጀመሪያ ያየውን ይናገራል፤ መልስ ካጣ ደግሞ ይናገራል፤ አሁንም መልስ ካጣና አደጋው ከቀረበ መሪውን ይረከባል።

ቅዳሜ በጧት ከአሰላ ተነሥቼ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ ገባሁ። ወንድሜ በተከራየው ክፍል ግድግዳ ላይ የአውሮፕላኑን መለኪያዎችና ማብሪያዎች በልካቸው የሚያሳይ ወረቀት ለጥፎ አገኘሁት። ሁለት ወንበር አስቀምጦ በግራው እኔን አስቀመጠኝ። «ወንድም ጋሼ፥ እርስዎ ካፒቴን ነዎት፤ ፍጥነቱን ይቁጠሩ፤ ሆን ብለውም ያሳስቱት» አለኝ። እኔም እየቆጠርሁ ቁጥሩን ዝቅ አደረግሁት። እሱም በመጀመሪያ፥ «ይቅርታ ወንድም ጋሼ፥ ምናልባት ፍጥነቱ…» አለ። የአሰላው ቤታችን ሥርዐት፥ ቆሞ የታላላቆችን እጅ ያስታጠበው ልጅ፥ በዚያች «ምናልባት» ውስጥ ነበረ። ደግመን ጀመርን፤ ሠለስን። ወደ ማታ ላይ ቁጥሩን ገና ዝቅ ሳደርግ «ስፒድ!» ብሎ በጆሮዬ ሥር ቢጮኽ ደነገጥሁ። ከዚያ በፊት ወንድሜ በእኔ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር።

በዚያ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ቃሉ «አንተ» የለውም፥ «እርስዎ» የለውም፤ ሰውን አይነቅፍም፥ ሰውንም አያወድስም። ያለው መለኪያው ያሳየውን ብቻ ነው። ወንድሜ ይህን ሲረዳ ፍርሃቱ ቀለለው፤ «ለካ የማርመው ካፒቴኑን ሳይሆን ቁጥሩን ነው» አለኝ። ፈተናውን በድጋሚ ተቀምጦ አለፈ። ኋላም መንገደኛ በጫነ አውሮፕላን ሲሠለጥን አንድ ጊዜ ከፍታው ጥቂት ሲዛነፍ ቢናገር፥ ካፒቴኑ «ኮሬክቲንግ» ብለው አስተካከሉና በረራቸውን ቀጠሉ። ቁጣም ምስጋናም አልነበረም፤ ሥራ ብቻ ነበረ።

የአየር መንገዳችንም ታሪክ ቢሆን ከቀኝ ወንበር የተነሣ ነው። ድርጅቱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን በጎናቸው ተቀምጠው ተማሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የመንገደኛ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት የመራ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የቀኙ ወንበር የነገው ካፒቴን የሚሠራበት ቦታ ነው። በዚያ ዝም ማለትን የለመደ ሰው ወደ ግራው ሲሻገር ሌላውን ዝም ማሰኘት አይከብደውም።

ይህ ነገር የአብራሪዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እኛ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም በአንድ ታላቅ ሰው ጎን እንቀመጣለን። ልዩነቱ የእኛ ስሕተት በአምስት ሴኮንድ አለመታየቱ ነው። በተሳሳተ ቁጥር የተዘጋጀ በጀት፥ ዝናብ ካለፈ በኋላ ለአርሲ ገበሬ የሚደርስ ማዳበሪያ፥ ያለ መጽሐፍ የሚከፈት ትምህርት ቤት፥ እነዚህም መውደቅ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ረቂቁን ያዘጋጀው ጸሐፊ ጉድለቱን ቀድሞ አይቶት ይሆናል፤ «አለቃዬ ሳያውቁት አይቀሩም» ብሎ ግን ይጠብቃል።

ነገሩ በበታቹ ድፍረት ብቻ አይፈጸምም። ጥሩ ካፒቴን ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወደ ረዳቱ ዞሮ፥ «ያልተስማማህ ነገር ካየህ ንገረኝ» ይላል። ይህን በማለቱ ማዕርጉ አልተቀነሰበትም፤ ሁለት ዐይን የነበረው አራት ዐይን አገኘ እንጂ። እንግዲህ አለቃ የሆነ ሰው ይህን ቃል በየጊዜው ይናገር፤ በጎኑ የተቀመጠውም ያየውን በትሕትና፥ በግልጽና በጊዜው ይናገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ታላቅን ማክበር ማለት ሲሳሳት ዐይንን ወደ መሬት መጣል ሳይሆን፥ እሱም የጫናቸውም ሰዎች በደኅና እንዲያርፉ ዐይንን ከመለኪያው ሳይነቅሉ መጠበቅ ነው።