የጸደይ ሁለት ቀናት በካምፓላ

ጸደይ በኢትዮጵያ የወቅቶች አከፋፈል ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን የሚዘልቀው የዓመቱ ክፍል ነው። ከእርሱ በፊት በጋው መሬቱን አድርቆት ቆይቷል፤ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ክረምቱ ይገባል። ስለዚህ ገበሬው በጸደይ ማሳውን ያርሳል፣ ያለሰልሳል፤ የከተማ ነዋሪም ቢሆን ዝናቡ ሳይከብድ የጣራውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቦዩን ይጠርጋል። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ግን ወቅቶቹ እንዲህ አይከፈሉም። ከተማይቱ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ጥቂት ፈቀቅ ብላ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም፤ ሙቀቱም ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። እዚያ ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። አንደኛው የዝናብ ወቅት በመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ግንቦት ይቆያል፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። በመሆኑም ኢትዮጵያውያን ጸደይ የሚሉት ጊዜ አብዛኛው በካምፓላ ትልቁ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነው።

በካምፓላ ደቡባዊ ክፍል ካባላጋላ የሚባል ሰፈር አለ። ካባላጋላ ሙዝ ከካሳቫ ዱቄት ጋር ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ የቂጣ ዓይነት ስምም ነው። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ በየመንገዱ ዳር የእንጀራና የቡና ሽታ ያውዳል። ከእነዚህ ነዋሪዎች መካከል ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባልና ሚስት ይገኛሉ። ባል በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ መደብር ሒሳብ ይይዛል፤ ሚስት እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለቱ ረጋ ብለው የሚነጋገሩበት ጊዜ የላቸውም። ቅዳሜና እሑድ ግን ሁለቱም ከቤት ይውላሉ።

ባልና ሚስቱ ወደ ካምፓላ ሲመጡ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ለመቆየት አስበው ነበር። «ለስድስት ወር ቤት ማሳመር ምን ይሠራል?» ይባባሉ ነበር። ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሁለት ዓመት ተጨመረበት። ሆኖም ሻንጣዎቻቸው ሙሉ በሙሉ አልተፈቱም፤ በግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር እንኳ አልተመታችም፤ ሚስት ከአገር ቤት ያመጣችው ረከቦት በጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ ከአልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር። የጣራው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውኃው እየሞላ ይፈስስና ከግቢው ጥግ ይጠራቀም ነበር። ነገር ግን ቤቱ የኪራይ ነው፤ እነርሱም ነገ ሄያጆች ናቸው። ስለዚህ አሸንዳውን ማንም አልነካውም።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ባል በወባ ታመመ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ወባ በውስጧ አይራባም፤ በዚያ ያደገ ሰውም ሰውነቱ በሽታውን አልተለማመደውም። ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት፣ ሞቃትና እርጥበት የበዛባት ከተማ ናት። ትኩሳቱ እየጣለ እያነሣ ባልን አደከመው፤ ሚስትም ሌሊት ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝ፣ ቀን ምጣዷን ትታ ከሕክምና ቦታ ወደ ሕክምና ቦታ ስትመላለስ ሰነበተች። የነደፈችው ትንኝ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ባል ድኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጅ ሲወጣ ዓይኑ ያረፈው ከግቢው ጥግ በተጠራቀመው ውኃ ላይ ነበር። በውኃው ውስጥ ጥቃቅን ዕጮች ይርመሰመሱ ነበር።

ጎረቤታቸው የሆኑት ኡጋንዳዊት አሮጊት በዚያ ቀን አካፋ ይዘው መጡ። ባልና ሚስቱ «ጃጃ» ይሏቸዋል፤ በሉጋንዳ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጃጃ ውኃውን በቦይ ካስወጡ በኋላ ዘወትር ቅዳሜ በግቢው ያለውን ዕቃ ሁሉ እንዲደፉ ነገሯቸው። ምክሩ ትክክለኛ ነው። የወባ ትንኝ ዕንቁላሏን የምትጥለው ከውኃ ላይ ነው፤ ዕንቁላሉ ዕጭ፣ ዕጩም ክንፍ ያለው ትንኝ እስኪሆን ድረስ እንደ ሙቀቱ መጠን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ውኃውን የሚደፋ ሰው ትንኟን ክንፍ ሳታወጣ ይደርስባታል ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሻንጣዎቹ ተፈቱ፤ የቅዳሜና የእሑድ ሥራም በዚሁ ተጀመረ።

ቅዳሜ ሥራው የሚጀመረው ከጧቱ በ1 ሰዓት ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊ በካምፓላ አይቸገርም፤ ምክንያቱም የባጋንዳ ሕዝብም ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ ኢትዮጵያውያን ከንጋት ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያዊ «አንድ ሰዓት» በሚልበት ጊዜ ሙጋንዳውም «ሳዋ ኤሙ» ይላል። ባል መሰላል ተደግፎ ከአሸንዳው ውስጥ የአቮካዶ ቅጠል እየዛቀ ያወርዳል፤ ሚስት ከታች ሆና መሰላሉን ትይዛለች። ከዚያም ጀሪካኖቹ ይደፋሉ፣ በአመድ ይታጠባሉ፣ ክዳናቸውም ይጠብቃል። አጎበሩ ከአልጋው ላይ ወርዶ ቀዳዳ እንዳለው በብርሃን ይመረመራል፤ ቀዳዳ ከተገኘም በመርፌና በክር ይጠቀማል።

ልብስ ማጠብ የባል ድርሻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው እንዳያየው ከጓሮ ተደብቆ ያጥብ ነበር፤ በአደገበት ቤት ወንድ ልጅ ከገንዳ አጠገብ አይደርስም ነበርና። ይሁን እንጂ በታመመበት ወራት ሚስቱ ጋግራ፣ አጥባ፣ አስታማ በመጨረሻ በቁሟ ስታንቀላፋ ተመልክቷል። ከዚያ ወዲህ ገንዳውን ከፊት ለፊት በር ላይ አስቀምጦ ያጥባል። ሚስት በበኩሏ በዚያው ሰዓት ለሰኞ የሚጋገረውን ሊጥ ታቦካለች። ጤፉ ከአገር ቤት ስለሚመጣ ዋጋው ውድ ነው፤ ስለዚህ ከማሽላ ዱቄት ጋር ትደባልቀዋለች። በካምፓላ ሙቀት ሊጡ ከአዲስ አበባ ይልቅ ፈጥኖ ይኮመጥጣል፤ ሚስት ይህን የተማረችው ብዙ ሊጥ ካበላሸች በኋላ ነው።

በመንገድ የሚያልፉ ጎረቤቶች ሁለቱን ሲያዩ «ሙጄባሌ ኮ!» ይሏቸዋል። ይህ የሉጋንዳ ሰላምታ ነው። ለአንድ ሰው «ጄባሌ ኮ» ይባላል፤ ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች ግን «ሙ» ከፊቱ ይጨመርበታል። ቃሉ ሰውን ስለ ሥራው የሚያመሰግን ነው። ሠራተኛው የሚሠራው ለመንገደኛው ባይሆንም መንገደኛው ያመሰግነዋል። ኢትዮጵያዊ አላፊ አግዳሚ በሥራ ላይ ላለ ሰው «በርታ» ወይም «ይቅናህ» እንደሚለው ሁሉ፣ የባጋንዳ ሰውም ሥራን ሳያመሰግን አያልፍም። ባጋንዳ በኅብረት መንገድ የሚጠርጉበት፣ ምንጭና ቦይ የሚያጸዱበት «ቡሉንጊ ብዋንሲ» የሚባል ነባር ልማድም አላቸው፤ ትርጓሜውም ለአገር ደኅንነት ማለት ነው። አገሩ ይለይ እንጂ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ በዚያም ይሠራል። የሰፈሩ ቦይ ሲጠረግ ባል አካፋውን ይዞ ይወጣል።

እሑድ ሥራው ቀለል ይላል። ሚስት ድፎ ዳቦ ትደፋለች። በአገር ቤት ዳቦው የሚጠቀለለው በኮባ ቅጠል ነው፤ በካምፓላ ግን ጃጃ የሙዝ ቅጠል ይሰጧታል። ባጋንዳ ዋና ምግባቸው የሆነውን ማቶኬን በሙዝ ቅጠል ሸፍነው በእንፋሎት ስለሚያበስሉ ቅጠሉ በየጓሮው ሞልቷል። ኮባና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው የዳቦው ሽታ ከአገር ቤቱ ብዙ አይለይም። ከዚያ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ቡናም ይፈላል። ቡናን በሚመለከትም ሁለቱ አገሮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ አረቢካ የሚባለው ቡና መገኛው ኢትዮጵያ ሲሆን፣ ሮቡስታ የሚባለው ደግሞ በኡጋንዳ ደኖች ውስጥ በዱር ይበቅላል። ጃጃ በየእሑዱ አቦሉን ሳይጠጡ አይቀሩም፤ ስኳር ግን እጅግ ያበዛሉ።

በአንድ የሚያዝያ እሑድ፣ ቡናው ተጠጥቶ ጃጃ ከሄዱ በኋላ፣ ሚስት ከአገሯ ልጅ የተሰጣትን የጌሾ ችግኝ አውጥታ ባል ጉድጓድ እንዲቆፍርላት ጠየቀችው። ባል ችግኙን ተመለከተና ዝም አለ። አሸንዳ መጥረግ የዛሬ ሥራ ነው፤ ተክል መትከል ግን በዚያ ስፍራ ለመቆየት መስማማት መሰለው።

«ጌሾው ደርሶ ቅጠሉ እስኪለቀም እኮ ከዓመት በላይ ይፈጃል» አላት።

«እኛስ እስካሁን ስንት ዓመት ፈጀን?» አለችው።

«ከዚያ በፊት ወደ አገራችን ብንገባስ?»

«ብንገባማ ምን ገዶኝ! ለጃጃ አጥር ይሆንላቸዋል» ብላ ሣቀች።

ባልም አካፋውን አንሥቶ ቀዩን አፈር ቆፈረ። ወደ አገራቸው የመመለስ ሐሳባቸውን ሁለቱም አልተዉትም፤ በየወሩ ለጉዞው የሚያስቀምጡትን ገንዘብም አላቋረጡም። ነገር ግን ሰው ለነገ የሚያስበውን ቤት እየጠበቀ ዛሬ የሚያድርበትን ቤት ቢዘነጋ፣ ዝናቡም ትንኙም ነገን አይጠብቁለትም። የሁለቱ ደስታም የሚገኘው በትልቅ ነገር ውስጥ አልነበረም። ሌሊት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ውኃው በአሸንዳው በኩል ወደ ቦዩ መፍሰሱን በአጎበራቸው ውስጥ ተኝተው ይሰማሉ፤ ታጥቦ የታጠፈው ልብስ በወንበሩ ላይ ነው፤ ሊጡ ኩፍ ብሏል። በጓሮው ደግሞ የጌሾው ችግኝ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል።