ክንድ ይዳሰሳል

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ደብረ ታቦር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉና ተራራ ሥር ያሉ ዘመዶቼ ግን ዛሬ ስለ ልጅ ሲያወሩ ስለ መሬትም ያወራሉ። ገብስና ድንች የሚያበቅለው ማሳ ለወንድማማቾች ሲካፈል ለአንዱም አልበቃ ብሏል።

የቤተሰብ ምጣኔ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን በነጻ እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ አውርዶታል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 41 ደርሰዋል። በአማራ ክልል በ2019 ግማሽ ያህሉ ይጠቀሙ ነበር።

ታዲያ የቀሩትን ምን ያዛቸው? የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ ብዙ ያስረዳል። ሦስት ልጆች ከወለደች በኋላ በየሦስት ወሩ መርፌ ትወጋ ነበር፤ ባሏ ሳያውቅ። «እቴ፣ ገበያ ብዬ እወጣለሁ። ጨው ሳልይዝ ከተመለስኩ ይነቃብኛል» አለችኝ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ለሦስት ዓመት ስለሚያገለግል ይሻላት ነበር። «ክንድ ይዳሰሳል» ብላ ተወችው። አንድ ቀን ጤና ኬላው ስትደርስ መርፌው አልቋል፤ ሌላ ቀን ተመለሺ ተባለች። ለሁለተኛ ጊዜ የምትወጣበት ሰበብ አላገኘችም። አራተኛው ልጅ የመጣው ያኔ ነው።

የባሏ ፍርሃት «መካን ያደርጋል» የሚል ነበር። ወሬው መነሻ አለው፦ መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ብዙ ወራት ልትቆይ ትችላለች። ይህን ቀድሞ ያልነገሯት ሴት መካን የሆነች ይመስላታል፤ ጎረቤቷም ያንኑ ያወራል። የወር አበባ መዛባትም እንደዚሁ ነው። ሊመጣ እንደሚችል የተነገራት ትታገሣለች ወይም ዘዴ ትቀይራለች፤ ያልተነገራት ግን ደንግጣ ታቆማለች።

አራተኛው ልጅ በ45 ቀኑ ሊከተብ ሲሄድ አዋላጇ አባትየውንም ጠራችው። ሁለት ነገር ጠየቀ፦ «ስንፈልግ ትወልዳለች ወይ? ሲያስቸግራት ይወጣል ወይ?» ለሁለቱም «አዎ» ተባለ። የዚያን ዕለት አልተስማማም፤ ታላቅ ወንድሙን አማከረ፣ ሁለት ሳምንት አሰበ። ከዚያ አብረው ሄደው ክንዷ ላይ አስቀበሩ።

ከዚህ የምረዳው፣ ምክሩ ለሴቷ ብቻ ሲሰጥ ሸክሙም ምስጢሩም የእሷ ብቻ እንደሚሆን ነው። ባልን መጥራት ሲባል ግን ፈቃዱን መለመን ማለት አይደለም፤ ባሏን የምትፈራ ሴት በምስጢር የመጠቀም መብቷ ሊጠበቅላት ይገባል። መድኃኒቱም በቀጠሮዋ ቀን መገኘት አለበት። ማስወጣት ስትፈልግም «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ መመለስ ሌሎችንም ያርቃል።

እኛ ከተሜዎቹስ? ለቡሄ አገር ቤት ስንሄድ ሴቶቹን ጓዳ ወስደን ከመምከር፣ ወንድሞቻችንን አጠገባችን አስቀምጠን ብናወራቸው ይሻላል። የእነሱንም ጥያቄ ሳንስቅ እንስማ።