ወደ ዓይን የተጠጋው ማነጣጠሪያ

እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የዋለው አሜሪካዊው ሩገር 10/22 ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ነው። የፋብሪካው የኋላ ማነጣጠሪያ በርሜሉ ላይ፣ ከዓይን ርቆ ተቀምጧል። ዕድሜው የገፋ ተኳሽ የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ጉብታና ዒላማውን አንድ ላይ አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል።

ስለዚህ ብዙዎች በባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይቀይሩታል። ይህኛው ከዓይን አጠገብ በብሎን ይታሰራል። ዓይን የቀዳዳውን መሃል ሳያስብ ራሱ ያገኘዋል፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው። ቴሌስኮፕ በማይፈቀድበት የባያትሎን ውድድር አትሌቶች ተኝተው ሲተኩሱ 50 ሜትር ላይ ያለችውን 45 ሚሊ ሜትር ክብ የሚመቱት በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ ነው።

ሒሳብም አለው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር መዛነፍ 50 ሜትር ላይ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ያስታል። የኋላው ወደ ዓይን ተጠግቶ ርቀቱ 60 ሲሆን ስህተቱ ወደ 4 ይወርዳል።

ለመቀየር መጀመሪያ ጠብመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለቴ ይታያል። አሮጌው በመዶሻና በናስ ዘንግ በቀስታ ይገፋል፤ ናስ ብረቱን አይጎዳም። አዲሱ ከታሰረ በኋላ ሙከራ ነው፦ ጥይቱ ወደ ግራ ካዘነበለ የኋላው ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ የሚነካው የፊቱ ከሆነ ግን ወደ ግራ።