በጋሞ አገር ጠብ እንዴት ይበርዳል?

አንባቢ ሆይ፤ የዕረፍት ቀን ደርሶ ወዴት ልሂድ ብለህ ስታስብ፥ እስኪ አንድ ጊዜ ወደ አርባ ምንጭ ውረድ። በሻሸመኔና በሶዶ በኩል ብትጓዝ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማይቱ በሁለት ተከፍላ ተቀምጣለች፤ ታችኛው ሠፈር ሲቀላ፥ ላይኛው ሴቻ ይባላል። ከሴቻ አፋፍ ቆመህ ቁልቁል ብትመለከት አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተንጣለው፥ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ቀጭን የመሬት ወገብ ይታይሃል። ለከተማይቱ ስም የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ሥር በጥቅጥቅ ዱር ውስጥ ይፈልቃሉ።

ስለ ጫሞ አዞና ስለ ዓሣው ግን ብዙዎች ስለ ጻፉ፥ እኔ ዛሬ የማሳይህ ሌላ ነገር ነው። ሰው በዚህ አገር ሲሳደብ፥ ሲደባደብ፥ የሠፈር ጸጥታ ሲያውክ ነገሩ በማን ፊት ቀርቦ በምን እንደሚያልቅ እንመልከት። የአንድ አገር ጠባይ በገበያውና በመልክዐ ምድሩ ብቻ ሳይሆን በጠቡ አፈታትም ይታወቃልና።

ከመንግሥት ሕግ እንጀምር። በሲቀላ መንገድ ላይ ሰክሮ ሲያውክ ያመሸ ሰው በፖሊስ ቢያዝ፥ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ቀላሉን ጥፋት ከከባዱ ለይቶ «ደንብ መተላለፍ» ብሎ በሦስተኛው ክፍል አስቀምጦታል። በደንብ መተላለፍ የተፈረደበት ሰው ቀላልም ሆነ ጽኑ እሥራት አይወሰንበትም፤ ቅጣቱ መቀጮ ወይም ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማረፊያ ቤት ቅጣት ነው። ሙከራውም አያስቀጣም። እንግዲህ ሕጉ ራሱ በመጠን የሚቈጣ መሆኑን ልብ በል። ጠቡ ደም ካፈሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ደንብ መተላለፍ መሆኑ ይቀራል።

ማስታረቅም ከጽሑፍ ሕጋችን ርቆ የኖረ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ስድብን፥ እጅ እልፊትን፥ አነስተኛ የንብረት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን ለአጥቢያ ዳኛ ሰጥቶ ነበር። አጥቢያ ዳኛው በመጀመሪያ ባለጉዳዮቹን ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ዕርቁ እንቢ ካለ ብቻ ይፈርዳል፤ መቀጮውም ከ15 ብር አያልፍም ነበር። ሕግ አርቃቂዎቹ አገሬው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን በአንቀጽ አሰፈሩት ማለት ነው።

አሁን ካፖርትህን ያዝና ወደ ደጋው እንውጣ። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ የነበረች፥ ይህም ማዕርግ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ የወረደባት ብርዳማ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ እያንዳንዱ አገር (ጋሞዎች «ደሬ» ይሉታል) ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለው። ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በየተራ እየተነገረ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይብላላል። ማርክ አቤሌስ የሚባለው ፈረንሳዊ የባህል ተመራማሪ ኦቾሎ በሚባለው የጋሞ አገር ተቀምጦ ይህን ሸንጎ አጥንቶ፥ በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል።

በዱቡሻ ዋናው ጥያቄ «ስንት ይቀጣ?» የሚል አይደለም። የአባቶችን ወግ የጣሰ ሰው «ጎሜ» ሠርቷል ይባላል፤ ጎሜም በጥፋተኛው ብቻ ሳይወሰን ለቤተ ሰቡና ለአገሩ ሁሉ ሕመምና የእህል መጥፋት ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የሸንጎው ድካም እውነቱን ለማውጣት፥ በዳዩም በአንደበቱ እንዲያምን ለማድረግ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» እንደሚባለው፥ ያልተናዘዘ ቂም ይዞ አብሮ መኖር አይቻልም ይላሉ። እንቢተኛውን ከማኅበር ይለዩታል፤ በጋሞ ደጋ ደግሞ ከጎረቤት ተለይቶ መኖር ከመቀጮ ይከብዳል።

የዚህ ወግ ክብደት በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታየ። በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ጥቃት ከሞቱትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቈጥቶ አደባባይ ወጣ፤ ቡራዩን በዓይናቸው ባላዩ፥ በከተማይቱ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ብድሩን ሊመልስ ተነሣ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ቀደሙ፤ በመንገዱም ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ በጋሞ ወግ የማይደፈር ነውና፥ ወጣቱ ንዴቱን ውጦ ተመለሰ። ፍርድ ቤት ጥፋት ከተሠራ በኋላ ይፈርዳል፤ እነዚያ አባቶች ግን ጥፋቱ ሳይሠራ ደረሱበት።

ይህን ስል ሁሉን ለዱቡሻ እንተው ማለቴ አይደለም። በጥንቱ ሥርዐት ሴቶች በሸንጎው ቦታ አልነበራቸውም፤ ማና እና ደጋላ የሚባሉት ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ወገኖችም ከእኩልነት ተገፍተው ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ቢበደሉ መጠጊያቸው ዳኛው ነው። ሕገ መንግሥቱም ባህላዊ ዳኝነትን የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ፥ በግልና በቤተ ሰብ ጉዳይ ነው፤ ወንጀል የፍርድ ቤት ነው። ነፍስ የጠፋበት ነገር በሣር ቢታረቅም ከክስ አያመልጥም፤ ነገር ግን በዳዩ ከልቡ መጸጸቱና መካሱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

አንተ ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነህ አንድ ቀን በዚያ አገር በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብትመደብ፥ መዝገቡን ስትከፍት የከሳሽና የተከሳሽ ስም ብቻ ታያለህ። ከዚያ ስም በስተጀርባ ነገ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፥ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ጎረቤቶች እንዳሉ አትርሳ። ዕርቁን አክብር፤ በዕርቅ ስም አፉ የተያዘውን ደካማ ግን ዝም አታሰኘው። ለጉብኝት ብቻ ሄደህ እንደ ሆነም፥ ዱቡሻውን ለማየት አስቀድመህ ሽማግሎቹን አስፈቅድ፤ ሸንጎ ላይ ከደረስክም ካሜራህን አጥፈህ አዳምጥ።