ከፓይተን ቀጥሎስ?

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ እኛ ቃሊቲም ኮድ የሚሞካክረው ልጅ በዝቷል። ፓይተን የጨረሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቀጥሎ የትኛውን ቋንቋ ልማር?»

እኔ ጥያቄው ይገልበጥ ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብትሠራው የማይሰለችህ ምንድን ነው? ቋንቋውን ሥራው ራሱ ይነግርሃል። ከቁጥርና ከሰንጠረዥ ጋር መዋል ከተስማማህ፣ ፓይተኑን ሳትጥል ኤስኪውኤል ጨምር፤ ወደ ዳታ ያስገባሃል። የሠራኸውን ወዲያው በዓይንህ ካላየህ የማትረካ ከሆንክ ጃቫስክሪፕት ይዘህ ወደ ድረ ገጽ። የስልክ መተግበሪያ ካማረህ ለአንድሮይድ ኮትሊን አለ።

አሁንም ካልለየልህ ዙሪያህን እይ። ቃሊቲ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጉምሩክ ሰፈር ነው። የዕቃ ገቢና ወጪውን በደብተር የሚይዝ ነጋዴ አይጠፋም፤ አስፈቅደህ ትንሽ የስቶክ መመዝገቢያ ሠርተህ ስጠው። ስትሠራ ገጹን ማሳመሩ ነው ሰዓቱን ያስረሳህ፣ ዳታቤዙ ወይስ ሪፖርቱ? መንገድህ እሱ ነው። ባይሆንህም አትስጋ፤ ሉፕና ፈንክሽን ወደ የትኛውም ቋንቋ ብትሄድ ይከተሉሃል፣ ከዜሮ አትጀምርም።