የአጎቴ መነጽር

ኮሎራዶ የሚኖረው አጎቴ አምና አዲስ የረጅም ርቀት ማደኛ ጠመንጃ ገዛና፣ «አንተ የፊዚክስ ተማሪ አይደለህ? የቱን መነጽር ላስገጥምበት?» ብሎ ደወለልኝ። ሳላስብ «25 እጥፍ የሚያጎላውን ነዋ፣ ጋሼ!» አልኩት።

ኦፕቲክስ ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ የሚገኘው የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉሊያው በማካፈል ነው። 50 ሚሊ ሜትር ለ25 ሲካፈል 2 ብቻ! ለ10 ቢሆን 5 ነው። እዚያ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ መተኮስ ይፈቀዳል። በዚያ ድንግዝግዝ ብሌናችን ስለሚሰፋ 2 ሚሊ ሜትር አይበቃውም። በደንብ ሳይታይ የተተኮሰ እንስሳ ደግሞ ቆስሎ ጫካ ይገባል።

አፍሬ ሳምንት ዝም አልኩ። በመጨረሻ ስደውል «ትናንት ማታ ጠቆረብኝና ሳልተኩስ ተመለስኩ» አለኝ። መነጽሩ ለካ ከ5 እስከ 25 የሚስተካከል ነው።

«ሲመሽ ወደ 10 መልሰው፣ ጋሼ» አልኩት።

«ታዲያ ያኔ አትነግረኝም ነበር?»